በዓሉ 3 ቀን ቀርቶታል፣ ስጦታው ለ11 ሰው ነው፣ ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ምን ላድርግ?

እህቴ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። በአጭሩ ያልሽው ይሄ ነው፤ በዓሉ 3 ቀን ቀርቶታል፣ ለ11 ሰው ስጦታ መስጠት አለብሽ (እናትና አባትሽ፣ ሁለት ወንድሞችሽ፣ የታላቅየው ሚስት፣ የነሱ ሁለት ልጆች አንዷ 2 ዓመት አንዱ 7፣ ሁለት ጓደኞችሽ፣ አለቃሽና አንድ የስራ ባልደረባ)፣ እጅሽ ላይ ያለው ደሞ የአንድ ሳምንት ወጪሽን የሚያህል ገንዘብ ነው፣ እና «ርካሽ ነገር ይዤ ሄጄ ከማፍር በክሬዲት ካርድ ገዝቼ በኋላ ቀስ ብዬ ብከፍልስ?» ብለሻል።

እኔ 9 ዓመት የስጦታ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ሸጫለሁ፣ ከዛ ወዲህ ደሞ ስራዬ ሰዎችን በቤት በጀታቸው ላይ ማማከር ነው። ስለዚህ ሰው በበዓል ዋዜማ ተደናግጦ ሲገዛም አይቻለሁ፣ በዓሉ ካለፈ ከሁለት ወር በኋላ የካርድ ዕዳውን ወረቀት ይዞ ሲመጣም አይቻለሁ። አንቺ ሁለተኛው ጋ እንዳትደርሺ ነው ይሄን ሁሉ የምጽፍልሽ።

ካርዱን ቤት አስቀምጪው። ወለዱ ብቻ አይደለም ምክንያቴ። ፕሬሌክና ሲመስተር የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2001 ያሳተሙት ጥናት አለ፣ ተማሪዎችን ለቅርጫት ኳስ ጨዋታ ትኬት ዋጋ እንዲያቀርቡ አደረጉ፣ ግማሹ በጥሬ ገንዘብ ነው የምትከፍሉት ተባሉ ግማሹ በክሬዲት ካርድ፣ ካርድ የተባሉት ያቀረቡት ዋጋ በአማካይ የሌሎቹን እጥፍ ነበር፣ ለዛችው ትኬት። ካርድ ሲያዝ ገንዘቡ ከእጅ ሲወጣ አይሰማም ማለት ነው። እና አንቺ ደሞ ሰዓት የጠበበባት፣ የፈራች፣ ላለማፈር የምትገዛ ሰው ነሽ፤ በዚህ ላይ ካርድ ሲጨመር የት እንደሚደርስ እኔ አውቀዋለሁ። ያለሽን ገንዘብ በጥሬው አውጪው፣ ቁጥሩ ይሄ ነው፣ በቃ ከዚህ አያልፍም።

አሁን ወደ ማፈሩ ልምጣ፣ ምክንያቱም ከጥያቄሽ ውስጥ በጣም ያሳዘነኝ እሱ ነው። ሰጪ ሁሌም ውድ ሲሆን የበለጠ ደስ ይላቸዋል ብሎ ያስባል። ፍራንሲስ ፍሊንና ጋብሪኤል አዳምስ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2009 ይሄን ነገር መርምረውት ነበር፣ ከቀለበት ነው የጀመሩት፣ ቀለበት የሰጡት ወንዶች ዋጋው በጨመረ ቁጥር እጮኛዬ የበለጠ ደስ ብሏታል ብለው ያምኑ ነበር፣ ሴቶቹ ሲጠየቁ ግን ደስታቸውና የቀለበቱ ዋጋ ምንም አልተገናኘም። በሌሎች ስጦታዎችም ላይ ያው ሆነ። እኔ ሱቅ ውስጥ ያየሁትም ይሄንኑ ነው። ማንም ሰው ስጦታ ተቀብሎ ሲመጣ «ይሄ ርካሽ ስለሆነ ቀይሪልኝ» ብሎኝ አያውቅም፣ የሚመለሰው የማይጠቅም ነገር ነው፣ ቦታ የሚይዝ ነገር ነው፣ ሰውየውን ከማያውቀው ሰው የመጣ የሚመስል ነገር ነው።

አንድ ልጅ መቼም አልረሳውም። ልንዘጋ 15 ደቂቃ ሲቀረን ገባና አንድ ትልቅ ወርቃማ የአበባ ማስቀመጫ አንስቶ ለእናቴ ነው አለኝ፣ ዋጋውን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ ግን አላስቀመጠውም። እናትህ አበባ ይወዳሉ ወይ አልኩት። ዝም አለ። እሺ ማታ ማታ ምን ያደርጋሉ አልኩት፣ ታነባለች አለ፣ አባቴ ቀድሞ ስለሚተኛ መብራት ታጠፋለች፣ ከዛ የስልኳን መብራት አብርታ ስልኩን በትከሻዋና በጉንጯ መሃል ይዛ ታነባለች፣ አንገቴን አመመኝ ትላለች ብሎ በራሱ አንገት አሳየኝ። ከመደርደሪያው ታች መጽሐፍ ላይ የምትቆነጠጥ ትንሽ መብራት ነበረች፣ ከሱቁ ርካሽ ከሚባሉት ዕቃዎች አንዷ። እሷን ይዞ ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት እናቱ ራሳቸው መጥተው ለመብራቷ ባትሪ ጠየቁኝ፣ ጠርዟ በአጠቃቀም ብዛት ቀለሙ ለቆ ነበር።

እና ዛሬ ማታ የምትሰሪው ስራ ይሄ ነው። ሱቅ አትሂጂ፣ ኦንላይንም አትግቢ። ወረቀት አውጪና 11ዱንም ስም ጻፊ፣ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ምን ልግዛለት ብለሽ ሳይሆን ባለፉት ሁለት ወራት ምን ብሎ ሲያማርር ሰማሁት ብለሽ ጻፊ። «ቻርጀሩ አጭር ነው»፣ «መነጽሬን የት ጣልኩት»፣ «ቁልፉ ቦርሳ ውስጥ ይጠፋብኛል»፣ «እግሬን ይበርደኛል»። ካላስታወስሽ የተጻጻፋችሁትን ወደ ኋላ ሄደሽ አንብቢ፣ እዛ ውስጥ አለ። ግማሽ ሰዓት ነው የሚፈጀው፣ ከሦስት ሰዓት የሱቅ ለሱቅ ዙረት ይበልጣል።

ከዛ ስሞቹን ማጣመር ነው። እናትና አባትሽ አንድ ስጦታ፣ ታላቅ ወንድምሽና ሚስቱ አንድ ስጦታ። 11 የነበረው 9 ሆነ። አለቃሽ ደሞ ለብቻሽ ስጦታ አያስፈልገውም፣ በእጅሽ የጻፍሽበት ካርድ ይበቃል፣ እንደውም ብዙ መስሪያ ቤት ለአለቃ ዋጋ ያለው ስጦታ መስጠትን የሚከለክል ደንብ አለው፣ ባይኖርም ሌሎቹን ሰራተኞች ያሳቅቃል። ስለዚህ ገንዘብ የሚወጣባቸው 8 ናቸው። ገንዘብሽን እንዲህ ከፋፍዪው፤ ለእናትና አባት 30 ከመቶ፣ ለሁለቱ ልጆች በድምሩ 25፣ ለታናሽ ወንድምሽ 15፣ ለሁለቱ ጓደኞች በድምሩ 10፣ ለታላቅ ወንድምሽና ሚስቱ 5 (ለምን እንዳነሰ እነግርሻለሁ)፣ ለባልደረባሽ 5፣ የቀረው 10 ለመጠቅለያ፣ ለካርድና ለትራንስፖርት። ያቺን የመጨረሻዋን 10 ሁሉም ሰው ይረሳታል፣ ከዛ ከሌላው ላይ ትቆረጣለች። በየፖስታው አድርጊና ስማቸውን ጻፊበት፣ ከአንዱ ፖስታ ወደ አንዱ መበደር የለም።

አሁን ምን እንደሚገዛ። የኔ ደንብ አንድ ነው፣ ዕድሜዬን ሙሉ ለደንበኞች የነገርኳቸው፤ የትልቅ ዕቃ ርካሹን አትግዢ፣ የትንሽ ዕቃ ምርጡን ግዢ። ክሪስቶፈር ሺ የሚባል ተመራማሪ በ1998 ይሄን በስካርፍና በካፖርት አሳይቶታል። ለአንዳንዱ ሰው ጓደኛህ 45 ዶላር የሚያወጣ ስካርፍ ሰጠህ እንበል አለው፣ በዛ ሱቅ ስካርፍ ከ5 እስከ 50 ዶላር ነው፣ ለሌላው ደሞ 55 ዶላር የሚያወጣ ካፖርት ሰጠህ፣ ካፖርት ደሞ እዛ ከ50 እስከ 500 ነው። ለጋስ ነው የተባለው ስካርፉን የሰጠው ነው፣ ገንዘቡ ያነሰ ሆኖ ማለት ነው። ሰው ዕቃን ከመሰሎቹ ጋር ነው የሚያወዳድረው። ስለዚህ በዛችው ገንዘብ ስፌቱ የሚተረተር ቦርሳ ከምትገዢ ጥሩ የቆዳ ቁልፍ መያዣ፣ አንዱ ጆሮ ቶሎ የሚሞት ኢርፎን ከምትገዢ 2 ሜትር የሆነ ክሩ የተጎነጎነ ጠንካራ የቻርጀር ኬብል (የስልኩን መሰኪያ ዓይነት አረጋግጪ እንጂ)፣ ቀለሙ የሚለቅ አንሶላ ከምትገዢ አንድ ወፍራም የጥጥ የፊት ፎጣ። ስል የሆነ ጥሩ መቀስ፣ የማያፈስ እስክሪብቶ፣ እውነተኛ የሱፍ ካልሲ። እነዚህን ሰው ለራሱ አይገዛም፣ ያለው ይበቃኛል ይላል፣ ግን በየቀኑ ይነካቸዋል።

አንድ ዕቃ ገዝተሽ ደሞ አነሰ ብለሽ ከጎኑ ፕላስቲክ ምናምን እንዳትጨምሪ። ይሄ የመጨረሻ ሰዓት ትልቁ ስህተት ነው፣ ባንኮኒው ጋ ለዚሁ ተብለው የሚደረደሩ ትንንሽ ነገሮች አሉ፣ ሁሉም እጁን ይሰዳል። ዊቨር፣ ጋርሲያና ሽዋርዝ በ2012 እንዳሳዩት ሰጪ ሲጨምር እየደመረ ነው፣ ተቀባዩ ግን የሚያየው አማካዩን ነው፣ ጥሩው ዕቃ ከመናኛው ጋር ሲቀመጥ ዋጋው ወደ ታች ይወርዳል። ጥሩው ካልሲ ለብቻው ይሂድ።

ለእናትና አባትሽ ፎቶ አሳትሚላቸው፣ እኔ ብሆን ሌላ አላስብም። ስልክሽ ውስጥ ሁሉም አለ፣ ፎቶ ቤት ካለ በዛው ቀን ያደርስልሻል፣ ገንዘቡ ፍሬሙ ላይ ነው የሚሄደው እሱም ቀላል የእንጨት ይሁን። ግን ብዙ ሰው የሚበላሽበት ነገር አለ፤ በቻት የተላከ ፎቶ ተጨምቆ ነው የሚመጣው፣ ስልክ ላይ ያምራል ሲታተም ይደበዝዛል። 10 በ15 ሳንቲሜትር ጥርት ብሎ እንዲታተም 1200 በ1800 ፒክስል ገደማ ያስፈልጋል፣ ማንኛውም የዛሬ ስልክ ያነሳዋል፣ ስለዚህ ፎቶውን ካነሳው ሰው ዋናውን «እንደ ፋይል ላክልኝ» ብለሽ አስመጪ። 20 በ25 ከፈለግሽ ደሞ 2400 በ3000። የድሮ የወረቀት ፎቶ ከሆነ መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አስተኝተሽ ፍላሽ ሳታበሪ ከላይ ቀጥ ብለሽ አንሺው፣ ጥላሽ እንዳይወድቅበት። እና በትንሽ ወረቀት ላይ በፎቶው ያሉትን ሰዎች ስም፣ ቦታውንና ዓመቱን ጽፈሽ ከፍሬሙ ጀርባ አስገቢ። እናትሽ ያቺን ወረቀት ከፎቶው እኩል ነው የምትወዳት።

የታላቅ ወንድምሽና የሚስቱን 5 ከመቶ ያደረግኩት ለነሱ የምትሰጪው ነገር በገንዘብ የማይገዛ ስለሆነ ነው። የ2 እና የ7 ዓመት ልጅ ያላቸው ሰዎች ናቸው! ጥሩ ካርድ ግዢና «ቅዳሜ በዚህ ቀን፣ ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት ልጆቹን እኔ እይዛለሁ፣ እናንተ ውጡ» ብለሽ ጻፊ። ቀኑን ጻፊ። «የሆነ ቀን» የሚል ስጦታ በጭራሽ አይደርስም፣ እነሱ ለመጠየቅ ያፍራሉ አንቺም ትረሺዋለሽ። ለጓደኞችሽም ያው ነው፣ ሁለቱም አብረውሽ የሚሆኑበትን ነገር አስቢ፣ አዲስ የተከፈተ ኤግዚቢሽን ይሁን ረጅም የእግር ጉዞ። ቻንና ሞጊልነር በ2017 ያወጡት ጥናት ላይ አብሮ የሚኖሩት ነገር ከዕቃ ይልቅ ሰጪና ተቀባይን ያቀራርባል፣ እንደውም ሰጪው ራሱ እዛ ባይገኝም።

ልጆቹ ላይ ግን እባክሽ ቀስ በይ፣ በችኮላ የሚገዛ የልጅ ዕቃ በጣም ያስፈራኛል። ለ2 ዓመቷ ሶፍት ሲያልቅ በሚቀረው ክብ ካርቶን ውስጥ የሚያልፍ ነገር ሁሉ አይገዛላትም፣ አፏ ውስጥ ይገባል። ዕቃው ላይ «0-3» ተጽፎ በላዩ የተሰረዘ የልጅ ፊት ካለ ከ3 ዓመት በታች ክልክል ነው ማለት ነው። ባትሪ ካለው ክዳኑ በብሎን የታሰረ መሆኑን በጣትሽ ሞክሪ፤ ያቺ እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ የሆነች ባትሪ ከተዋጠች በ2 ሰዓት ውስጥ የምግብ ቧንቧን ልታቃጥል ትችላለች። ሁለት ትንንሽ ማግኔት የዋጠ ልጅም አንጀቱ ውስጥ ማግኔቶቹ ተሳስበው ግድግዳውን ሊበሱት ይችላሉ። ይሄን የምልሽ ላስደነግጥሽ አይደለም፣ መለያው ላይ ምንም ያልተጻፈበትን ርካሽ መጫወቻ ወደ መደርደሪያው እንድትመልሺው ነው። ለሷ የሚደራረቡ ኩባያዎች፣ ትልቅ ኳስ ወይ ገጹ እንደ ካርቶን የወፈረ የስዕል መጽሐፍ፣ ያልኩሽ ገንዘብ ይበቃዋል። ለ7 ዓመቱ ደሞ አጉሊ መነጽር ከአንድ ባዶ ደብተር ጋር፣ ወይ 12 ፍሬ ጥሩ የቀለም እርሳስ። 60 ፍሬ የሚለው ትልቁ ሳጥን ያማልላል፣ ግን ሲቀርጹት ይሰበራል፣ ቀለሙ ወረቀት ላይ አይወጣም፣ ልጁ በሁለት ቀን ይሰለቸዋል።

ባልደረባሽን በደንብ የማታውቂው ከሆነ ቤቱ ቦታ የሚይዝ ነገር አትስጪው፣ የሚያልቅ ነገር ስጪው፣ ጥሩ የእጅ ሳሙና ወይ የእጅ ክሬም። ጆኤል ዋልድፎገል የሚባለው ኢኮኖሚስት በ1993 የዬል ተማሪዎችን ጠይቆ የስጦታ ዋጋ ከ10 ከመቶ እስከ ሲሶው ተቀባዩ ጋ ሲደርስ ይጠፋል ብሎ ነበር፣ ማለት ተቀባዩ ለዛ ዕቃ ራሱ ያን ያህል አይከፍልም፣ እና ከጓደኛና ከፍቅረኛ የመጣው ብዙም አይጠፋበትም፣ ራቅ ካለ ዘመድ የመጣው ነው ብዙ የሚጠፋው። ሰውየውን ባላወቅሽው ቁጥር ገንዘቡንም ዕቃውንም አሳንሺው።

የምትወጪው ነገ ጠዋት ነው፣ ሱቅ ሲከፈት፣ በልተሽ። ስለ መብላቱ የምሬን ነው፤ ሹ፣ ሽዋርዝና ዋየር በ2015 እንዳሳዩት የራበው ሰው ምግብ ያልሆነ ዕቃም አብዝቶ ያነሳል። መለያ ላይ ስታዪ ቅናሹን ሳይሆን የምትከፍዪውን ቁጥር ብቻ እዪ፣ 2.99 የሚለውን 3 ብለሽ አንብቢው ምክንያቱም ዓይን የሚይዘው የግራውን ቁጥር ነው። «ሁለት ሲገዙ ሦስተኛው በነፃ» ካለ ወረቀትሽ ላይ ሦስት ሰው አለው ወይ? ከሌለ እለፊው። ከመክፈልሽ በፊት በስንት ቀን መቀየር እንደሚቻል ጠይቂ፣ ዋጋው ያልተጻፈበት ደረሰኝ እንዲሰጡሽም ጠይቂ፣ ብዙ ሱቅ ይሰጣል ሰው ስለማይጠይቅ ነው።

ኦንላይን ላይ በ3 ቀን ውስጥ የሚመጣ ነገር ማዘዝ አልመክርሽም፣ ራስሽ ሄደሽ የምትወስጂው ካልሆነ። ሰዓት ወደ ኋላ እየቆጠረ «2 ፍሬ ብቻ ቀረ» የሚልሽ ገጽ አንቺን ለማስቸኮል የተሰራ ነው፣ ብዙ ጊዜ ገጹን ዘግተሽ ብትከፍቺው እንደገና ከላይ ይጀምራል። ዋጋው ከሌላው ሁሉ ግማሽ ከሆነና ክፍያው በባንክ ማስተላለፍ ወይ በጊፍት ካርድ (ገንዘብ የተሞላበት የስጦታ ካርድ) ቁጥር ብቻ ከሆነ ከገጹ ውጪ፣ ሌባ ነው። ጊፍት ካርድ ራሱን ስጦታ አድርገሽ ከገዛሽ ደሞ ቁጥሩ ላይ ያለው የሚፋቅ ሽፋን ያልተነካ መሆኑንና የሚያበቃበትን ቀን እዪ።

መጠቅለያ ላይ ብዙ አትጨነቂ። ሪክሶምና ባልደረቦቿ በ2020 ያገኙት ነገር ያሳርፍሻል፣ ከቅርብ ጓደኛ የመጣ የተጨማደደ እሽግ ዕቃውን የበለጠ አስወድዶታል፣ ምክንያቱም ብዙ ሳይጠብቁ ይከፍቱታል፣ ብዙም ከማይቀርቡት ሰው ሲሆን ግን ንጹህ እሽግ ነው የተወደደው። ስለዚህ ቆንጆው ወረቀት ለባልደረባሽ፣ ለቤተሰብ ቡናማ ወረቀትና ክር ይበቃል፣ ስማቸውን በትልቁ ጻፊበት። በነገራችን ላይ ያ ያሸበረቀ መጠቅለያ ወረቀት ራሱ የዋዜማ ችግር የወለደው ነው፣ በ1917 ካንሳስ ሲቲ ውስጥ የሆል ወንድማማቾች (በኋላ ሆልማርክ የተባለውን ድርጅት የመሰረቱት) ሱቅ ስስ ወረቀት አለቀበትና ለፖስታ ውስጠኛ ሽፋን የሚሆን ጌጠኛ የፈረንሳይ ወረቀት መሸጥ ጀመሩ፣ ሰው ተሻማበት፣ ከዛ ንግድ ሆነ።

አንዱ ዕቃ በ3 ቀን ውስጥ ካልተገኘ ሌላ መናኛ ነገር ገዝተሽ አትተኪው። የሚፈለገውን ዕቃ ፎቶ ካርድ ውስጥ አድርጊና «በዚህ ቀን ይደርሳል» ብለሽ ስጪ። ሃልትማንና ሌሎች ተመራማሪዎች በ2024 እንዳወጡት የዘገየ ስጦታ ግንኙነት ይጎዳል ብሎ የሚጨነቀው ሰጪው ነው፣ ተቀባዩ ያን ያህል አይከፋውም።

ስለ ታናሽ ወንድምሽ ግን «ሁሉ ነገር አለው» ከማለት በቀር ምንም አልጻፍሽልኝም፣ 15 ከመቶውን የያዝኩለት ለዛ ነው። ጠዋት ቤት ሲወጣ ምን ረስቶ ይመለሳል፣ ምን ዕቃ ነው ተሰብሮበት በፕላስተር አስሮ የሚጠቀመው? ዛሬ ማታ እነዚህን ሁለቱን ብቻ መልሺልኝ፣ ነገ ከመውጣትሽ በፊት እጽፍልሻለሁ።